መጥፎ ጠመንጃ የማይሠራበት አገር

እስኪ በአሜሪካ የመሣሪያ መጽሔት ላይ «ይህን ጠመንጃ እንዳትገዙ» የሚል ያነበበ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ቨርጂኒያ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ስንቱን አገላበጥኩ፤ ከአንዱ በቀር የለም። ልጄ «አባባ፣ ደግሞ ጠመንጃ ላይ ምን አፈጠጠህ?» ትለኛለች። የውጅግራ ወሬ እየሰማ ያደገ ሰው ምን ላይ ያፍጥጥ ታዲያ? ኬክ አሠራር ላይ?

የመጽሔቱ ገምጋሚ መሣሪያውን ከፋብሪካው በውሰት ይቀበላል። ከዚያ «እጅ ላይ ደስ ሲል!» ብሎ ይጀምርና ስለ ሰደፉ እንጨት ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ጥይት ተቀርቅሮ አልወጣ ካለ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ የጥይቱ ካልሆነ የካዝናው፤ የካዝናውም ካልሆነ «መሣሪያው ገና አልተፍታታም፤ ሁለት መቶ ጥይት ይተኮስበት።» በማን ገንዘብ? ገጹን ስትገልጡ የዚያው ጠመንጃ ማስታወቂያ ተንጣሎ ይጠብቃችኋል። የአዲስ አበባ ደላላ እንኳ ቤት ሲያሻሽጥ «ውሃው በፈረቃ ነው» ብሎ አንዲት እውነት ጣል ያደርጋል!

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን የዒላማው ነገር ነው። በ100 ያርድ ሦስት ጥይት ይተኩስና የቀዳዳዎቹን ርቀት ለክቶ «ከአንድ ኢንች በታች!» ይላል። አሥር ተኩስ እንጂ ሰውዬ! ጥይት በጨመረ ቁጥር አንዱ ማፈንገጡ እንደማይቀር ተኳሽ ሁሉ ያውቃል። ደግሞ ደጋግሞ ተኩሶ የጠበበችዋን መርጦ ፎቶ ያነሳታል። የሰፋችዋ የት ገባች? የእኛ ሰው ቢፎክር ለዘመቻ ወይ ለሠርግ ነው፤ ፎክሮ ሊሸጥልህ አይደለም።

ሙገሳ ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት የሲግ ሳወርን ፒ 320 ተመልከቱ። ሽጉጡ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2017 መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር መረጠው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ የመሣሪያ ነጋዴ መሬት ላይ ቢጥለው፣ ቃታውን ማንም ሳይነካው ተኮሰ። ኩባንያው በዚያው ሰሞን የነፃ ማሻሻያ አወጀ። ሲወድቅ እንዳይተኩስ የወጣውን መስፈርት ያሟላል ተብሎ ነበር እኮ! እንግዲህ ሽጉጥ ከእጅ ሲያመልጥ እንደ መስፈርቱ አይወድቅም። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው ደግሞ የሚሸጠው ሰው ራሱ አንስቶ መጣሉ ነው።

አብረውኝ ወረፋ የሚጠብቁት አሜሪካውያን ሽማግሌዎችም ከእኔ ብሰው ያጉረመርማሉ። አንደኛው፣ ሲያድን የኖረ ሰው ነው፣ «እኔ የማነበው የተሞገሰውን ሳይሆን የተዘለለውን ነው» አለኝ። ገምጋሚው ስለ ቃታው ዝም ካለ፣ ቃታው ከባድ ነው። ስለ ዋጋው ዝም ካለ ደግሞ መጽሔቱን መልሶ ማስቀመጥ ነው።

እስከ ዛሬ ልቤን ያሳረፈው ጋን ቴስትስ የሚባለው መጽሔት ብቻ ነው። የፋብሪካ ማስታወቂያ አይቀበልም፤ መሣሪያውን ከሱቅ ይገዛል፤ እንደ ተማሪ ከኤ እስከ ኤፍ ማርክ ይሰጠዋል። የሚጥል ፈታኝ በስተርጅና አገኘሁ! ከጡረታዬ ቀንሼ የምከፍለው ለእሱ ነው። ሌሎቹን ለፎቷቸው እዩአቸው።