ማኪያቶ ትቶ ማንንም ያለመርዳት ዘዴ

ጾም ሲገባ፣ ረመዳን ሲቃረብ ወይም ዘመን ሲለወጥ አንዳንድ ሰው ድንገት ይወስናል። ማኪያቶውን ትቶ፣ ራይድ መጥራቱን ቀንሶ፣ የእሑድ ክትፎውን ዘሎ የተረፈውን ብር ለችግረኛ ሕፃናት ሊሰጥ ነው። ውሳኔው ደግ ነው፤ ዝም ብለው ከተዉት ሊሳካም ይችላል። እንዳይሳካ ለሚፈልግ ሰው ግን በኮልፌ ቀራኒዮ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አየር ጤና ብዙ የተፈተነ ልምድ አለለት።

ጥበቡ የሚጀምረው ከሚተዉት ነገር ምርጫ ነው። የካፌው ማኪያቶ አይነካም፤ እዚያ ሥራ ይወራል፣ ሰው ይገኛል። መቅረት ያለበት የሠፈሩ የጀበና ቡና ነው። ቤተል ይሁን ዘነበወርቅ፣ ላስቲክ ወጥራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦቷን ዘርግታ የምትቀመጠው ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ሲኒ ነው። ደንበኛዋ ከእሷ ቡና ቀርቶ ያጠራቀመውን ለሕፃናት ሲለግስ የአንዱን ልጅ ደብተር ወስዶ ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። ሒሳቡ ዜሮ ይመጣል፤ ምስጋናው ግን አይቀርበትም። ሊስትሮውንም፣ የጉልቷን ሴትዮ ቲማቲምም በዚሁ መንገድ መቀነስ ይቻላል። ደፈር ያለው ደግሞ «ዘንድሮ ለሕፃናት ስለምንሰጥ» ብሎ የቤት ሠራተኛውን የደመወዝ ጭማሪ ለከርሞ ያስተላልፋል። ሠራተኛዋ ራሷ ገና ልጅ ከሆነች ነገሩ ይበልጥ ይሰምርለታል።

ጾምም ለዚሁ ዓላማ ያገለግላል። ቤተ ክርስቲያን ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ነጥላ አታስተምርም፤ ጿሚው ያልበላው ለተራበው እንዲደርስ ነው። ጠንቃቃው አበላሽ ግን ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ይጾምና ከሥጋና ከወተት የተረፈውን ብር በጾም ኬክና በስፕሪስ ይጨርሰዋል። ዓሣ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ክርክርም ዓሣ ጉላሽ አቅርቦ ማካሄድ ይችላል። ሠፈሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት በመሆኑ ለጎረቤቱም ምክር አለ። ፍትራ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ከሚበላው እህል ተሰፍሮ የሚወጣ ሲሆን፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለችግረኛው መድረስ አለበት፤ ካለፈ እንደ ተራ ሰደቃ ይቆጠራል። ስለዚህ «ከበዓሉ በኋላ ተረጋግቼ አወጣዋለሁ» ማለት ብቻ በቂ ነው።

ከዚያ የክፍያው ነገር ይመጣል። ሜሪ ጆይ የተባለውን ማኅበር ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮልፌ አካባቢ ሲያቋቁሙት ድህነቱ የተከመረው እዚያው ነበር። ማኅበሩ ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ ችግረኛ ልጆችን እዚሁ አገር ካሉ ደጋፊዎች ጋር ማገናኘት ነው፤ ደጋፊው መጠነኛ ብር በየወሩ ይሰጣል፣ ልጁ ይማራል። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ውስጥ ሁሉ ነገር የቆመው «በየወሩ» በምትለዋ ላይ ስለሆነ የሚመታውም እዚያ ላይ ነው። መስከረም ላይ በደመቀ መድረክ፣ ጭብጨባ እያለ ቃል ይገባል። ጥቅምት ይከፈላል። ኅዳር ላይ የባንኩ ኔትወርክ ይበላሻል፤ ታኅሣሥ ላይ ገና ይመጣል፤ ጥር ላይ ሠርግ ይበዛል። ቴሌብር በስልክ ውስጥ እያለ ይህን ሁሉ ሰበብ ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም፤ የለመደው ሰው ግን አይቸገርም። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን መመገቡም ጥሩ ማምለጫ ነው፦ «አሁንማ መንግሥት ያበላቸዋል!» ብቻ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የት እንደሚበሉ አለመጠየቅ ነው።

ገንዘብ መስጠት የማይቀር ከሆነ በዕቃ መለወጥ ይሻላል። ኮልፌ ውስጥ ወላጅ ያጡ ወንድ ልጆች የሚያድጉበት የመንግሥት ማሳደጊያ አለ፤ በሌሎች ክፍለ ከተሞችም እንዲሁ። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከከለከለ ወዲህ የእነዚህ ልጆች ነገር በይበልጥ በአገሬው ሰው ትከሻ ላይ ወድቋል። የአገሬው ሰውም ኬክ ይዞ ይሄዳል። የልጁን ልደት እዚያ ያከብራል፤ ልጆቹን አሰልፎ ያስጨበጭባቸዋል፤ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ በማያውቁት ልጅ ልደት ሻማ ሲጠፋ ያሳያቸዋል። ሁሉም ለጋሾች በገናና በፋሲካ ሰሞን ተገጣጥመው ቢመጡ ልጆቹ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ኬክ ይበላሉ፤ በሐምሌ ሳሙና የሚያመጣ ግን አይገኝም። ያረጀ የሠርግ ሱፍና ተረከዘ ረጅም ጫማ በማዳበሪያ አጭቆ መላክም ያው ነው፤ ቁም ሣጥኑ ይጸዳል፣ ሕሊናም አብሮ።

አንዳንዴ ሰው ሳይመከር ይሰጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በሚባለው ቦታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ በላዩና በሥሩ የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ሲሆኑ፣ ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሰውም ብርድ ልብሱን፣ እንጀራውን፣ ገንዘቡን ይዞ መጣ። እዚህ ላይ የሚፌዝበት ነገር የለም። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ ግን ወሬው ስለ ሜጋ ዋት ነበር። ከናዳው የተረፈ የሰባት ዓመት ልጅ በዚያን ጊዜ ስምንት አልፎታል፤ ዩኒፎርምም ጠቦታል።

በምንም መንገድ መጠናት የሌለባቸው ሰው ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው ረኀብ የፈጀውን ሕዝብ አዩ፤ የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ባላቸው «ወይ እኔን ወይ እነሱን» ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ በድርጅታቸው በኩል የተረዱት ሰዎች ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም። ችግራቸው ግልጽ ነው፦ ኮሚቴ አላቋቋሙም፣ የትኛውን ምቾት ልተው ብለውም ዝርዝር አላወጡም።

ከሁሉ የሚመከረው ግን ማባዛት ነው። ምሽት ላይ ቢራ ይዞ «መቶ ሚሊዮን ሕዝብ አንዳንድ ብር ቢያወጣ» ብሎ የማያውቅ የለም። ይህ ስሌት ትልልቅ ሰዎችንም አማልሏል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር ከወጪያቸው ቀንሰው ለትረስት ፈንድ እንዲሰጡ ጠየቁ። አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሰጥ በዓመት 365 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ስንቱ ስንት ጊዜ አባዝቶታል! የተሰበሰበው በጥቂት ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆነ፤ እሱንም ያመጡት ያላባዙት ናቸው።

ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ለአፍሪካ ረኀብተኞች ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ አያወጣም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሰዉ አላወጣም። ከጥቂቶቹ የተገኘው ብቻ 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ሆነና እሱን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ፣ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅትም መሠረተ። ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ካርል! ካርል!» እያሉ ተሳፋሪ የሚጠሩለት አደባባይ በስሙ የተሰየመ ነው። በታክሲው ውስጥ የተቀመጠው አባዢ ግን መልሱን ቆጥሮ ይቀበላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ገንዘቡ በየወሩ ልጁ ዘንድ መድረሱን ካላቆመ የቀረው ቁጥጥር ብቻ ነው። ለጋሹ ለሚሰጣት ጥቂት ብር የዕለት ተዕለት ዘገባ ይጠይቅ። ሳይናገር ከልጁ ቤተሰብ ቤት ይሂድ፤ ቴሌቪዥን ካየ «እነዚህማ ደኅና ናቸው» ይበል። ሰኔ ላይ የልጁን ካርድ ያስመጣ፤ ከአምሳ ሁለት ተማሪ ሃያ ዘጠነኛ ከወጣ፣ ደረጃ የሚወጣ ሌላ ልጅ እንዲቀየርለት በጽሑፍ ያመልክት።