የእንግዳ ዋጋ

የእህቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ካመለከተበት የአሜሪካ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ መልስ ሲመጣለት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እህቴ በዚያው ቀን በግ አሳረደች። «እንኳን ደስ አለህ» ከምትለው መስመር በታች ያነበበ ግን አልነበረም፤ ከዚያ በታች ምን ይኖራል ተብሎ!

ጉዱ የወጣው በማግስቱ ጣና ዳር፣ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦልን ሳለ ነው። ልጁ ሎሚ በነካው ጣቱ ስልኩን ወደ ታች እየገፋ አንብቦ አንብቦ ዝም አለ። እንዲህ ያሉትን መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች የሚደጉመው የክፍለ ግዛቱ ግብር ከፋይ ነውና የአገሬው ልጅ በርካሽ ይማራል፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት ወይም ከባሕር ማዶ የመጣው ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ይከፍላል። ደብዳቤው ለእኛ ልጅ የማረለት ይህን ልዩነት ብቻ ነው። የአገሬው ልጅ የሚከፍለው ዋናው ሒሳብ፣ የጤና መድኑ፣ ቤቱና ቀለቡ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«ለእንግዳ ነው የሚወደደው?» አሉ ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ጉርሻቸውን መልሰው። ጋሼ የፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ተማሪ ነበሩ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ። «ከሐረር የመጣው ጓደኛዬ ከእኔ እኩል በልቶ፣ ከእኔ እኩል ተኝቶ ነው የተመረቀው!» እውነታቸውን ነው። በ1996 ዓ.ም. የመጣው ወጪ መጋራት እንኳ የትውልድ ቀዬ አይጠይቅም። ለሁለተኛ ዲግሪም ቢሆን የእኛ አገር ጥያቄ «መሥሪያ ቤትህ ይከፍልልሃል ወይስ በግልህ ነህ?» የምትል ናት።

ከዚያ መላ መምታት ተጀመረ። ሜሪላንድ ያለው ዘመዳችን በስልክ «በእኔ አድራሻ ይመዝገብ!» አለ። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ግን በአብዛኛው እንደ ነዋሪ አይቆጠርም፤ ዩኒቨርሲቲውም ያለበት ሌላ ክፍለ ግዛት ነው፤ ልዩነቱማ ቀድሞውኑ ተነሥቶለታል። ለቪዛው አይ-ትዌንቲ የሚባለው ቅጽ የግድ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚመጣ በማስረጃ ይታያል። ጋሼ «ዘጌ ያለው ቡናዬስ?» ብለው ነበር። ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ባንክ እንዳለ ገንዘብ አይቆጠርም ብሎ ለእሳቸው ማስረዳት ዓሣውን አቀዘቀዘው።

ዋናው መንገድ ረዳትነት ነው። ተማሪው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያስተምራል ወይም ምርምር ያግዛል፤ በለውጡ ብዙ ጊዜ ክፍያው ይነሣለትና ወርኃዊ አበል ይቆረጥለታል። ይህን የሚወስነው ደግሞ ደብዳቤውን የላከው ቢሮ ሳይሆን ትምህርት ክፍሉ ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያገኘ ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ እንዲያስብበት ጊዜ ስለሚሰጡ፣ አንዱ «ይቅርብኝ» ሲል ቦታው ለሌላው ይከፈታል። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ለትምህርት ክፍሉ ኢሜይል ጻፈ።

የመጣው መልስ ጨዋ ነበር፦ ረዳትነቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዶክትሬት ተማሪዎች ነው፤ በአሜሪካ በብዙ የትምህርት ዘርፍ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል።

ጋሼ ተርጉመንላቸው ሲሰሙ ወደ ልጁ ዞሩ። «ታዲያ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያውኑ ዶክተር ልሁን ብለህ አትጽፍም ነበር?»