ስለ ጠቆረው ስክሪን የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ስልክህን ድምፅ አልባ ያደረግህም ከጎረቤትህ ስማ!

ሞዓ ቫይረስ ዘእምነገደ ሊኑክስ፣ ሥዩመ ተርሚናል፤ በሸርቂያ ግዛት፣ በኮበር ከተማ፣ በቱቅባ ሰፈር፣ ሚስቶቻቸውን አገር ቤት ትተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የከተሙ የአምስት ወንዶች ኮምፒውተር ጠባቂ።

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ከርነሉ ራሱን አድሶ ማሽኑ ሲነሣ ሞኒተሩ እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ በመሆኑ፤ «ሲግናል የለም» የምትለው ትንሽ ሳጥን ከጥግ ጥግ ስትንሳፈፍ ቆይታ እሷም የተኛች በመሆኑ፤ ከግርጌ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች የቀረች በመሆኑ፤ የቤታችን ታላቅ ጋሼም ቅዳሜ ማታ ደሴ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሊተያዩ ቀጠሮ ያላቸው በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የጠቆረው ስክሪን አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙን ርዕስ ማንበብ የሚሻ ስክሪኑ ሲበራ ይምጣ።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ከርነል» ማለት በብረቱና በፕሮግራሞቹ መካከል ተቀምጦ ማን ፕሮሰሰሩን እንደሚይዝ፣ ማን ስንት ሜሞሪ እንደሚወስድ የሚደለድል የቤቱ አስተዳዳሪ ነው። «ድራይቨር» ማለት ደግሞ ከርነሉ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚግባባበት አስተርጓሚ ነው እንጂ ጋሼን አይመለከትም። ይህን ለይቶ መጻፍ ያስፈለገው ዓርብ ጠዋት «ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው» ባልን ጊዜ፣ ዳማም አንድ ቤተሰብ ዘንድ ዕድሜያቸውን በሳዋቅነት (በሾፌርነት) የጨረሱት ጋሼ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «እኔ ማታ ገባሁ፣ ሰገድኩ፣ ተኛሁ። ዕቃችሁን በእጄም አልነካሁ!» በማለታቸው ነው። ይቅርታ ጠይቀናል።

አንቀጽ 3፤ ክልከላ። ሞኒተሩን በጥፊ መምታት፣ «ሞቆት ይሆናል» ብሎ ወደ ሙከየፉ (አየር ማቀዝቀዣው) ማዞር፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ክልክል ነው። ዳማም ሴኮ ገበያ ድረስ ሄዶ አዲስ ገመድ መግዛትም ክልክል ሊሆን ነበር፤ ግን አንዱ ወንድማችን ቀድሞን ገዝቶ መጣ። ገመዱ ያምራል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሌላው ወንድማችን «የሳዑዲ መብራት 60 ኸርትዝ ነው፣ የእኛ አገሩ 50፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው» ብሏል። ቁጥሩ ልክ ነው። ከስክሪኑ ጋር ግን አራምባና ቆቦ ነው፤ ማሽኑ የሚመጣለትን መብራት ወደ ቀጥታ ኃይል ለውጦ ነው የሚጠጣው።

ከመደናገጥ በፊት የካፕስ ሎክ ቁልፍ ይጫን። መብራቷ በርታ ከጠፋች ከርነሉ በሕይወት አለ፤ የጎደለው መስኮት ብቻ ነው። የእኛዋ በራች። አምስት ጎልማሶች አንዲት የሽንብራ ፍሬ የምታህል መብራት ከበን «አልሐምዱሊላህ» አልን።

አንቀጽ 4፤ ስለ ነቅል። ነቅል፣ ማለትም ከአንድ አሠሪ ወደ ሌላ መዛወር፣ ለዚህ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም። ሁላችንም ኢቃማችን (የመኖሪያ ፈቃዳችን) ላይ የከፊል (የአሠሪ) ስም አለብን። የኮምፒውተሩ ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ከርነል ተሠርቶ በዚያ ከርነል ስም ይመዘገባል። ከርነሉ ሲለወጥ ለአዲሱ ጌታ እንደገና ካልተሠራ በር ላይ ይቀራል። ይህን ዝውውር የሚያስፈጽም ዲኬኤምኤስ የሚባል ጉዳይ ገዳይ አለ። ጉዳይ ገዳይ ደግሞ ያለ ሰነድ አይንቀሳቀስም፤ ሰነዱ የአዲሱ ከርነል ሄደርስ ነው። በእኛ ማሽን ሄደርሱ አልወረደም ነበርና አዲሱ ጌታ ሥራ የጀመረው ያለ ሾፌር ነው። ሰነዱ ቢሟላ እንኳ ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ላይ ሌላ ኬላ አለ። ከኮበር ባህሬን በሚያደርሰው የ25 ኪሎ ሜትር ድልድይ መካከል ፓስፖርት እንደሚታይባት ደሴት ሁሉ፣ ማኅተም ያላረፈበትን ሾፌር አያሳልፍም።

የሰው ሾፌር ነቅል ግን ከዚህም ይከብዳል። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ ማሻሻያ፣ ሠራተኛ በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ አሠሪው ፈቃድ እንዲዛወር ሲፈቅድ የቤት ሾፌሮችን አላካተተም። ጋሼ ይህን ሁሉ በጥሞና አዳምጠው «እንግዲህ ዕቃው ሄደርስ አለው፤ እኔስ ምን አለኝ?» አሉ። አዋጁ ለዚህ አንቀጽ የለውም።

አንቀጽ 5፤ ስላልተሻረው ሕግ። ደርግ የወደቀው ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ 19፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ ሄልሲንኪ ሆኖ እየሠራው ስላለው፣ ኋላ ሊኑክስ ስለተባለው ሥርዓት ለዓለም አስታወቀ። ሁለቱ በአንድ ዓመት ይገናኙ እንጂ ጠባያቸው አይገናኝም። በእኛ በኩል ደርግ ሲመጣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ተቀማ፤ ደርግ ሲሄድ የሌኒን ሐውልት ወረደ። አዲስ መጪ ሁሉ አገሪቱን ከዜሮ ይጭናታል። አዲስ ከርነል ግን ሲሾም የቀድሞውን አያስረውም፣ አያሳድደውም፤ ከራሱ ዝቅ አድርጎ በመነሻው ዝርዝር ላይ ያስቀምጠዋል። አዲሱ ከከሸፈ ሕዝቡ ወደ አሮጌው ይመለሳል፤ ያለ ጥይት፣ ያለ ሽግግር ኮንፈረንስ።

ስለዚህም ማሽኑ እንደተነሣ ኢስኬፕ ነካ ነካ ይደረግ፤ አሮጌ ማሽን ከሆነ ሺፍት ተጭኖ ይያዝ። ግሩብ የሚባለው ያ የመነሻ ዝርዝር ብቅ ሲል «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ተብሎ ሁለተኛው ከርነል ይመረጥ። እኛ ሁለት ጊዜ አመለጠን፤ በሦስተኛው ያዝነው። ዳሸን ተራራ ከነበረዶው ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ሄደርሱን አወረድን፣ ዲኬኤምኤስ ነቅሉን ጨረሰ፣ አዲሱ ከርነል ሾፌሩን አግኝቶ ተነሣ። አሮጌ ከርነል ያጣ ሰው እዚያው ግሩብ ላይ ኢ የምትለዋን ፊደል ተጭኖ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» ይጨምር፤ መልኩ ሻካራ፣ ለማየት ግን የሚበቃ ስክሪን ያገኛል።

አንቀጽ 6፤ ቅጣት። ቦታ ጠበበ ብሎ አሮጌውን ከርነል ጠራርጎ የሚያጠፋ ሰው ለአንድ ወር ሰሃን ያጥባል።

አንቀጽ 7፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። አዋጁ ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ኮበር፣ ቅዳሜ ማታ። ጋሼ ከልጃቸው ጋር እየተነጋገሩ ስለሆነ በሹክሹክታ ታወጀ።