የብዥታ አንድምታ

ንባብ

«ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘው፤ ፊደሉም ተለቀ፤ ማንበቡም ጠፋ።»

ቃሉ አጭር ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ዘወትር ይፈጸማል። ጉዳቱ በግእዝ ፊደል ላይ ይጸናል። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የምትለየው አናቷ ላይ ያለች ጭረት ብቻ ናትና። ጭረቷ ስትደበዝዝ «ተጀመረ» የተባለው ፕሮጀክት «ተደመረ» ሆኖ ይነበባል። ሁለቱም ለሪፖርት ስለሚስማሙ ስህተቱን ያስተዋለ የለም።

ትርጓሜ

ሊቃውንቱ በሦስት ይፈቱታል። አንድም ኬብሉ ላልቷል ይላሉ፤ ነቅለው እፍ ብለው መልሰው ይሰካሉ። አንድም ስክሪኑ አልሞቀም ይላሉ፤ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። አንድም ጥፋቱ የተመልካቹ ዓይን ነው ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው። ከኋላ ያሉት ትርጓሜውን አይቀበሉም፤ ግን አይናገሩም።

ሐተታ

አንድ የተለመደ 24 ኢንች ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ቁጥሩ በፋብሪካ ተወስኗል፤ በልመናም በስብሰባም አይለወጥም። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ደግሞ ያላቸው 1366 በ768 ነው። «ዱፕሊኬት» ሲመረጥ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ስለሚገደዱ፣ ለትልቁ የሚላከው ምስል ብዙ ጊዜ ወደ ትንሹ መጠን ይወርዳል። ያኔ አንዷ የላፕቶፕ ነጥብ በአግድምም በቁመትም 1.4 ያህል የስክሪን ነጥብ መሸፈን ይኖርባታል። የነጥብ ሽራፊ ስለሌለ ጥቁሩና ነጩ ይቀላቀላሉ፤ የፊደሉ ጠርዝ ግራጫ ይሆናል። ብዥታ የሚባለው ይኸው ነው።

መፍትሔው አሳፋሪ በሆነ መጠን ቀላል ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭኖ «ኤክስቴንድ»ን መምረጥ፤ ከዚያም በስክሪኑ ቅንብር ውስጥ «ሪኮመንድድ» ተብሎ የተጻፈበትን መጠን መያዝ። ፊደሉ አነሰ የሚል ቢኖር «ስኬል» የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ያሳድግ እንጂ ይህን መጠን አይቀንስ።

ኬብሉን የሚከሱትም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቪጂኤ በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአይቢኤም የመጣ፣ ምስሉን በአናሎግ የሚያስተላልፍ መስመር ነው። ስክሪኑ እያንዳንዷ ነጥብ የት እንደምትጀምር በግምት ይለካል፤ ግምቱ ሲስት «አውቶ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። ኤችዲኤምአይ ከግምት ያድናል።

ስክሪኑ ቴሌቪዥን ከሆነ ሐተታው ይረዝማል። ቴሌቪዥን የተሠራው ለፊልም ነውና አንዳንዱ የምስሉን ዳር ቆርጦ የቀረውን ይለጥጣል፤ የቀለሙንም መረጃ ይቀንሳል። ለፊልም ተዋናይ ፊት ይህ አይታወቅም፤ ለቀይ ፊደል ግን ውርደት ነው። ግብዓቱን «ፒሲ» ብሎ መሰየም ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ሻርፕነስ»ን እስከ ጫፍ መግፋት ግን በየፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ ይጨምራል እንጂ ጥራት አያመጣም።

ውሳኔ

ይህ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ በየአዳራሹ ለምን አይሠራም? ሐተታው ምክንያቱን አግኝቷል። ፊደሉ በጠራ ጊዜ የዘንድሮው ዕቅድ የአምናው ቅጂ መሆኑ፣ ዓመተ ምሕረቱ እንኳ አለመቀየሩ፣ ድምሩም ከዝርዝሩ ጋር አለመስማማቱ ከበሩ አጠገብ ላለው ሰው ሳይቀር ይታያል። ደብዛዛ ሰነድ ላይ ጥያቄ የሚያነሣ የለም፤ የሚያነሣ ቢኖርም መልሱ «ኬብሉ ነው» ነው።

ስለዚህ ከስክሪኑ በፊት ሰነዱ ይስተካከል። ጊዜ ካጠረ «ዱፕሊኬት» ይበቃል።