የሞተው የትኛው ነው?

የሄድኩት ለአንዲት ፊርማ ነበር። እንዲህ ስልህ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ ያለው ሰው ባለ ሁለቱን ልጨምር ቢል የጽሑፍ ፈተና እንኳን የለበትም። ጥቂት ሰዓት ይሠለጥናል፣ አሠልጣኙ "ደርሷል" ብሎ የበረራ መዝገቡ ላይ ይፈርምለታል፣ ከዚያ ከፈታኝ ጋር ወጥቶ ይፈተናል፤ አለቀ። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ፣ "አስፈርሜ ለምሳ እመለሳለሁ፣ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ አደራ" ብዬ ወጣሁ።

ቆይ፣ ከመሀል ጀመርኩብህ። ትንሽ ወደኋላ ልመልስህ።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሌሊት መሬት ላይ የለቀምኩትን ቀን ሰማይ ላይ እበትነዋለሁ። ባለቤቴ በረራዬን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ "ላም አለኝ በሰማይ" ነው የምትለው። የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘሁ ቀን "ተመስገን፣ ወጣልህ" ብላ ዶሮ ሠርታ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ወር ሳይሞላ እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" አልኩ።

"አንድ ምን?" አለች፣ እንጀራውን እንደያዘች።

"ሞተር። ሁለት ሲሆን አንዱ ቢቆም ሌላው አለ።" ደግሞም፣ አልኩ፣ የኛው አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአስመራ አድርጎ ካይሮ የሄደው በዳግላስ ሲ-47 ነው፤ እሱም ባለ ሁለት ሞተር ነው። የአገር ታሪክ የጠቀስኩበት ክርክር ተሸንፌ አላውቅም ነበር።

"እነሱ ሰው ጭነው ገንዘብ ሊያመጡ ነው የሄዱት፤ አንተ ማንን ጭነህ ነው?" ብላ ሳህኑን አነሳች።

አማቴ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው እኛው ቤት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ እኮ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ በሰዓት እየተቆጠረ የከፈልኩበት ትምህርት በሙሉ የዚህችው ተረት ማብራሪያ መሆኑን ማን ነገረኝ!

አውሮፕላኗ ፓይፐር ሴሚኖል ትባላለች። በየክንፏ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሸክማለች። መሀል ላይ ስድስት ዘንጎች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ ጥቁር የጋዝ፣ ሁለቱ ሰማያዊ የፕሮፔለር፣ ሁለቱ ቀይ ደግሞ የነዳጅና የአየር ማደባለቂያ። ይህን ለመለማመድ ምድር ቤት ወርጄ ወንበር ፊት የቅመም ዕቃ ደረደርኩ። ጋዙ ጥቁር አዝሙድ፣ ማደባለቂያው በርበሬ ሆነ። ሰማያዊ ቅመም ስለሌለን የባለቤቴን የፊት ቅባት ሁለት ብልቃጥ ተበደርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሞተር ሲቆም ሌላው ብቻውን ይገፋል፤ ስለዚህ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ሞተው በኩል ይዞራል። አንተ ደግሞ ቀጥ እንድትል በደህናው ሞተር በኩል ያለውን ፔዳል በእግርህ ትረግጣለህ። ያን ጊዜ በሞተው በኩል ያለው እግርህ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። "የሞተ እግር፣ የሞተ ሞተር" ይላሉ። ሥራ የፈታውን እግር ጭኑን ጠፍ ታደርጋለህ፣ የሞተውን ትጠራለህ፣ ለማረጋገጥ የዚያኑ ጋዝ ቀስ ብለህ ወደኋላ ትስባለህ። ምንም ካልተለወጠ እውነትም ሞቷል። ከዚያ ሰማያዊውን ስበህ የፕሮፔለሩን ስለት ለነፋሱ ትሰጣለህ፤ አለዚያ በከንቱ እየተሽከረከረ ይጎትትሃል። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን መሰለህ? ከሁለት ሞተር አንዱ ሲሄድ ግማሽ ጉልበትህ ብቻ የሄደ ይመስልሃል፤ ሽቅብ የመውጣት አቅምህ ግን ከአምስት እጅ አራቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ሞተር መለዋወጫ ነው ያለህ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ምድር ቤት ተቀምጬ ጭኔን እየመታሁ "ሞተ! ሞተ!" ስል እማማ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ደረጃውን ወረዱ።

"ማን ሞተ?" እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው።

"ግራው ነው እማማ።"

"የማን ግራው?"

ግራው ሞተር እንደሆነ አስረዳኋቸው። በርበሬውን አዩ፣ ቅባቱን አዩ፣ እኔን አዩ። "ነፍስ ይማር" ብለው ወጡ። በማግስቱ ከአገር ቤት በሃይላንድ ያመጡት ጠበል ትራሴ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገርህ፣ ለሰው እንዳታወራ። እኔ ግራና ቀኜን አልለይም። ልጅ ሆኜ እናቴ "የምትጎርስበት ቀኝህ ነው" ብላ አስተምራኝ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀኜን ስፈልግ አምስት ጣቶቼን ሰብስቤ ወደ አፌ ላክ አደርጋለሁ። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው "ወደ ቀኝ" ሲለኝ አደርጋታለሁ፤ ያዛጋሁ ይመስላቸዋል። ሴሚኖልንም የወደድኳት በዚሁ ጣጣ ነው። በብዙዎቹ ባለ ሁለት ሞተሮች ፕሮፔለሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ግራው ሲሞት ይብሳል፤ የእሷ ግን በተቃራኒ ስለሚዞሩ የትኛውም ቢሞት እኩል ነው። ግራና ቀኝ ለማይለይ ሰው የተሠራች መሰለችኝ።

እንግዲህ ወደ ፊርማዋ ቀን እንመለስ። አሠልጣኜ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። እንግሊዝኛ "አንቱ" የለውም፤ ቢኖረውም ያን ቀን አይገባኝም ነበር። አራት ሺህ ጫማ ላይ ወጣን። ልጁ ዘንጎቹን በወረቀት ሸፈነና ከስር አንዱን ጋዝ ሳበ። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ዞረች። እግሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚገባውን አደረገ፤ ግራው ፔዳሉን ረገጠ። ቀጥ አለች።

"የሞተው የትኛው ነው?" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው እግዜር የተወኝ። ግራ እግሬ ከመርገጥ ብዛት ይንቀጠቀጣል። ቀኜ ሰላም ነው። እኔም አሰብኩ፣ ማሰቤ ነው የጎዳኝ፤ የሚያመኝ በዚህ በኩል ነው፣ እንግዲህ በሽተኛውም በዚህ በኩል መሆን አለበት አልኩ። "በዚህ በኩል" ግን ስሙ ማነው? እጄ ሳላዝዘው ተነሳ፣ ጣቶቼ ተሰበሰቡ፣ ወደ አፌ ሄዱ። ልጁ ትክ ብሎ አየኝ።

"ቁርስ አልበላህም?"

"ግራው!" ብዬ ጮህኩና ግራውን ጋዝ ስቤ ቁጭ!

ጸጥታ ሆነ። የንፋሱ ፉጨት ብቻ ቀረ። እግሬ ላላ፣ አፍንጫዋም እንደ ቱንቢ ቀጥ አለች። ሁሉ ነገር ሲቃለልልኝ ጊዜ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ጀነን ብዬ፣ "አየህ? ቀጥ አለች" አልኩት።

"አዎ" አለ ልጁ። "ቀጥ ብላ እየወረደች ነው።"

መዳፉን ሰማያዊዎቹ ዘንጎች ላይ ጭኗል፤ ሕፃን ምድጃ እንዳይነካ እንደሚከለክል ሰው። "አንዱን እኔ ገደልኩ፣ ሌላውን አንተ ገደልክ" አለና ሁለቱንም ጋዝ መለሰ። ከዚያ እስክናርፍ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መሬት ላይ መዝገቤን ሳይፈርም ዘግቶ ሰጠኝ፤ ከቦርሳው ደግሞ አንዲት እሽግ ብስኩት አወጣ። "ሌላ ቀን በልተህ ና" አለኝ። ሰውየው ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! ታክሲዬ ውስጥ ተቀምጬ ብስኩቱን አንድ በአንድ ጨረስኩት። ጨው በዝቶበታል።

ቤት ስገባ ሽሮው ቀዝቅዟል።

"ፈረመልህ?" አለች ባለቤቴ።

"ብስኩት ሰጠኝ።"

ማታ እማማ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የቅመም ዕቃውን ደርድሬ፣ አንድ ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ጥቂት አሰቡና፣ "ታዲያ ግራና ቀኝ ምን ያደርግልሃል?" አሉ። "ያረፈውን እግር ምታው፤ እጅህ ከጭንህ ተነስቶ በዚያው ወገን ያለውን ይያዝ። እኛ ለቅሶ ላይ ጭን ስንመታ ግራ ነው ቀኝ ነው ብለን ነው እንዴ?"

ሳምንቱን ሙሉ እማማ አሠለጠኑኝ። እሳቸው ከዘራቸውን ወደ አንዱ ጉልበቴ ይሰዱና "ይሄ ሞተ!" ይላሉ፤ እኔ ጠፍ አድርጌ አዝሙዱን እስባለሁ። ልጁ በሁለተኛው ሙከራ ፈረመልኝ። በፈተናው ቀንም ፈታኟ አንዱን ሲያጠፉብኝ ጭኔን በጥፊ አልኩት፤ እጄ ከዚያው ተነስታ ዘንጓን ያዘች። "የትኛው ነው?" አሉኝ። "ይሄኛው" አልኩ። ፈገግ ሳይሉ አንድ ነገር ጻፉ። የመውጫ ፍጥነቴም እንደምንም 88 ኖት ላይ፣ የፍጥነት መለኪያው ሰማያዊ መስመር ላይ ቆመችልኝ። አለፍኩ። ካረፍን በኋላ "በግራ ታጠፍ" ብለውኝ በቀኝ መታጠፌን ተወው፤ ከፈተናው አይቆጠርም።

እማማን ወደ አዲስ አበባ የሸኘኋቸው በዚያው ወር ነው። ኤርፖርት በመስታወቱ አውሮፕላኑን አዩት።

"ይሄስ ስንት ሞተር ነው ያለው?"

"ሁለት ነው እማማ።"

ዝም አሉ። "ነጂው ግራና ቀኙን ያውቃል?"

"ያውቃል እማማ። እነሱ ደግሞ ሁለት ናቸው።"

"እሱስ ደህና" አሉና ቦርሳቸውን አንስተው፣ "ለመሆኑ መግቢያው በየት በኩል ነው?" አሉኝ። እጄ ተነሳ፣ ጣቶቼ ተሰበሰቡ።

"ተወው ልጄ" አሉኝ፣ ግንባሬን እየሳሙ። "ሰው እጠይቃለሁ።"