ቤታ ያልጫነ ሰው አይባልም

የአንድን ጌም ተፈትኖ የተለቀቀ ስታብል ቨርዥን ላፕቶፑ ላይ የጫነ ወጣት ዛሬ ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላን የሚያቋርጠው አንገቱን ደፍቶ ነው። ምን ይዞ ቀና ይበል? ጌሙ መሐል ላይ አይዘጋበት፣ ሴቩ አይጠፋበት፣ እየነዳ ሳለ አስፋልቱ ከጎማው ሥር አይሰወርበት። ጓደኞቹ «ትናንት ስንቴ ክራሽ እንዳደረገብኝ!» እያሉ ሲፎካከሩ እሱ ለወሬ የሚሆን አንድ መከራ እንኳ የለውም። ማታ ከፈተ፣ ተጫወተ፣ ዘጋ፣ ተኛ። ይኼም ኑሮ ሆኖ!

ገና በሙከራ ላይ ያለውን ቤታ የጫነው ግን አረማመዱም ሌላ ነው። ሰባት ቤት ቁጠር ብትለው ሦስተኛው ላይ ይደናቀፋል፤ የቨርዥኑን ቁጥር ግን እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ያወርድልሃል። አዲሱ ምን ጨመረ ብለህ ብትጠይቀው «መብራቱን አስተካክለውታል» ይልሃል። የትኛውን መብራት? እሱንስ ገና አላየውም፤ ጌሙ እስካሁን ከመክፈቻው ገጽ አላለፈለትም። ቢሆንም ከሁሉ ቀድሞ ያላየው እሱ ነው፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው።

የምናወራው ስለ ሲሙሌሽን ጌም ነው፤ መኪናውን፣ አውሮፕላኑን፣ ባቡሩን እንደ እውነተኛው እየነዱ ስለሚያመሹበት። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን እንውሰድ። ፕራግ የሚገኘው ኤስሲኤስ ሶፍትዌር በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ጌም ነው። አውሮፓን በ1 ለ19 አሳንሶ፣ ስካኒያና ቮልቮ አስይዞ ጭነት ያመላልስሃል። ከአወዳይ ጫት የጫነው አይሱዙ በመስኮቱ ሥር እየበረረ ሲያልፍ የኛ ልጅ ሮተርዳም እርጎ ለማድረስ ይጣደፋል። አይሱዙው ሴቭ የለውም፤ ለዚህ ይሆናል ማንም ሲሙሌተር ብሎ የማያከብረው።

ኩባንያው አዲስ ቨርዥን ሲያዘጋጅ ለሁሉም ከመልቀቁ በፊት ለፈቃደኞች ቤታውን ይከፍታል። ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ የጌሙን ስም በቀኝ ጠቅ ታደርጋለህ፣ «ፕሮፐርቲስ» ትገባለህ፣ «ቤታስ» የሚለው ውስጥ ከዝርዝሩ አንዱን ትመርጣለህ፤ አለቀ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ወደ ቀደሙት ቨርዥኖች መመለሻም ተቀምጧል፤ ሞዶቹ፣ ማለትም ተጫዋቾች ሠርተው የሚያክሏቸው ጭማሪዎች፣ ከአዲሱ ጋር አልስማማ ላሉት ሰው የተተወ በር ነው። ስለዚህ በር ግን ሰው ፊት አታንሣ። የወጣ አይመለስም።

ኩባንያው ደግሞ ግልጽ ነው። ይኼ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው ይልሃል፤ ስህተት ሊኖርበት ይችላል፣ ፕሮፋይልህን ሌላ ቦታ ቀድተህ አስቀምጥ፣ ሞዶችህ ላይሠሩ ይችላሉ። ትራከርስኤምፒ የሚባለው ብዙ ሰው በአንድ መንገድ የሚነዳበት አገልግሎትም ገና በቤታ ያለውን ቨርዥን አያስተናግድም። በመሆኑም ከሁሉ የቀደመው ጀግናችን ሰው በሌለበት አውራ ጎዳና ብቻውን ይነዳል። ቀዳሚ መሆን ትርጉሙ ይኼው አይደል?

ስቲም ላይ መክፈያ ካርድ የሌለውስ? እሱም አልተረሳም። ፍላሹን ይዞ ጌም ወደሚቀዳለት ልጅ ይሄዳል። «ቤታ አለህ?» «አለ።» «አዲሱ?» «አዲሱ ነዋ!» ፋይሉ ከየት እንደመጣ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቁም። በዚያ ላይ የተሰበረ ኮፒ ስለሆነ ስህተቱ የኩባንያው ይሁን የሰባሪው የሚለይ ሊቅ አልተወለደም። ብቻ ስሙ ቤታ ነው።

ስታብሉን ጥሎ ወደ ቤታ የመሻገሩ ውሳኔ የራሱ ሰዓት አለው። ከምሳ በኋላ በርጫው ይደረደራል፣ ኮካው ይከፈታል፣ ወሬው ቀስ እያለ ይሞቃል። ምርቃና ሲገባ ዓለም ሁሉ ቀላል ነው፤ በዚያ ሰዓት አራት ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ የማይችለው ነገር የለም። አንዱ ስልኩን እያየ «አቦ፣ ቤታው ወጥቷል!» ይላል። ሌላው «ወላሂ?» ይላል። እስከ ትናንት ማታ ድረስ በሰላም ሲሠራ የነበረው ስታብል በአንድ ድምፅ ይሻራል። ፕሮፋይሉን ኮፒ እናድርግ የሚል ቢኖር እንደ ፈሪ ታይቶ ትራሱን ይቀማል። የአንድ ወር ፓኬጅ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። መሐል ላይ መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል፤ ዳውንሎዱ ከመነሻው ይጀምራል። ጨብሲ ላይ ሲደረስ ነገሩ ተጭኖ ያልቃልና ሁሉም ስክሪኑን ከብቦ ያፈጣል። ይከፈታል። ሙዚቃው ይሰማል። ይዘጋል። ለስድስት ወር የተገነባው የጭነት ድርጅት፣ ተበድሮ የተገዛው ጋራዥ፣ የተቀጠሩት ሾፌሮች፣ ሁሉም በዚያች ምሽት ይሸኛሉ። ስታብሉን መልሶ የጫነ እንደሆነ ደግሞ በአዲሱ ቨርዥን የተቀመጠውን ሴቭ አሮጌው አላውቀውም ይለዋል። በማግስቱ ወሬ አለ፤ ይኼ ብቻውን ትርፍ ነው።

የቤታ ወዳጆችን የምታሳፍራቸው ከተማዋ ራሷ ናት። ፔጆ 404ን እዩ! ፈረንሳዮቹ በራሳቸው አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ሠርተዋት ሌላ ሞዴል ውስጥ ገቡ፤ ሐረር ግን አልሰማችም፤ ታክሲ አድርጋ ይዛት ቀረች። በሌላው ዓለም 404 ማለት የፈለግኸው ገጽ አልተገኘም ነው። እዚህ እጅህን ስታነሣ ትገኛለች፤ ትቆማለች፤ ከነዘንቢልህ ትጭንሃለች። ምን ዓይነት ኋላቀርነት ነው! ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ አንድ አፕዴት እንኳ ሳይላክላት።

እንከን የላትም ያለ የለም። ሾፌሯ ግን እንከኗን ያውቀዋል። የትኛው በር ከውጭ ብቻ እንደሚከፈት፣ ዳገት ላይ በየትኛው ማርሽ እንደምታጉረመርም፣ ጠዋት ስንት ጊዜ ተለምና እንደምትነሣ በቃሉ ነው። የሶፍትዌር ሠሪዎች ከስታብል ጋር አብረው የሚያወጡት የታወቁ ችግሮች ዝርዝር አለ፤ የ404 ዝርዝር በሾፌሩ ጭንቅላት ውስጥ ተጽፏል፤ ከሞተ ደግሞ ልጁ ይወርሰዋል። ስታብል የሚመርጥ ሰውም ከዚህ የተለየ ሞኝነት የለበትም፤ ችግሩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ቤታ ውስጥ ያለውን ችግር ግን ገና ማንም አያውቀውም፤ እንዲታወቅ ነው ለሰው የተሰጠው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህች ጋ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አውሮፕላን የሚያበሩቱ ደግሞ ከባለ መኪናዎቹም ይብሳሉ። ፍላይትጊር የሚባል በነፃ የሚገኝ ሲሙሌተር አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፈቃደኞች እጅ የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ። 2020.3 የተባለው ስታብል ቨርዥኑ ትናንሽ ጥገናዎች እየተደረጉለት ለዓመታት አገልግሏል። ለዓመታት! ይኼን የሰማ ቤታ ወዳጅ ደሙ ይፈላል። ደግነቱ ጎን ለጎን «ናይትሊ» የሚሉት አለ፤ ማሽን በየሌሊቱ አሰናድቶ የሚያወጣው፣ ሰው ገና ቁጭ ብሎ ያልሞከረው። በጁገል ግንብ ቀዳዳ ሌሊት የሚገባው ጅብ ቆሻሻችንን በልቶልን ይወጣል፤ ናይትሊው ግን ቆሻሻውን ይዞልን ይገባል። የኛ አብራሪ ሐረር አየር ማረፊያ ስለሌላት ከድሬዳዋው አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ይነሣል፤ ወደ ደንገጎ ያቀናል፤ ዳገቱ ላይ ሳይደርስ ስክሪኑ ይጠቁራል። «ጭጋግ ነው» ይላል ለተመልካቾቹ።

እዚህ ላይ የቤታው ወገን አንድ ጥሩ መከራከሪያ አለው፤ እኔም አልነፍገውም። ስታብል የሚባለውም ያው ቤታ ነው ይላል። እውነቱን ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 የወጣው ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም ነው፤ (በኛ አቆጣጠር ገና ሰባት ዓመት የሚቀረውን ዓመት ጌም ያኔ መጫወት የኛ ብቻ ዕድል ነበር።) ካርታውና አውሮፕላኑ በአብዛኛው ከኢንተርኔት ላይ እየተቀዳ የሚሠራ ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ሰው ሲጎርፍ ሰርቨሩ አልቻለም። ብዙ ሰው 97 በመቶ ላይ ቆሞ ቀረ። ሙሉ ዋጋ ከፍለው፣ ቤታ የሚል ቃል ሳይጻፍበት! ኩባንያዎቹ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ሰው ቤታን በፉክክር የሚሻማ ከሆነ፣ ስታብል ብለን ብንሸጥለት ምን ይቀርበታል?

ስለ ሙከራ እኛ ምሥራቆች አዲስ አይደለንም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መሞከር የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ሐረርም ወዲያው ተከተለች፤ አዲስ አበባ ላይ በይፋ የተመረቀው መስከረም 26 ቀን 2015 ነበር። ሙከራ ነው ተብሎ ተነገረን፣ እያወቅን ሲም ገዛን። እንዲህ ያለው ነገር ፋይዳ የሚኖረው ሲሙን የገዛው ሰው ኔትወርክ የጠፋበትን ሰፈር ሲናገር ነው እንጂ ሲሙን ለጎረቤት ሲያሳይ አይደለም።

ሽሙጡን ለአንድ አፍታ ላቁመው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰው ይዞ ነበር። አፍንጫውን ቁልቁል የደፋው ሶፍትዌር ላይ ማንም ቤታ ብሎ አልጻፈበትም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ኢንዶኔዢያ ውስጥ ሌላ ማክስ በዚያው ምክንያት ሲወድቅም አልተጻፈበትም። በግንቦት 2011 ደግሞ ቦይንግ የማክስ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት የሲሙሌተር ሶፍትዌር ራሱ ጉድለት እንደነበረበት፣ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን እንደ እውነቱ ማሳየት ይሳነው እንደነበር አመነ። ያልተፈተነን ነገር ተፈትኗል ብሎ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይህ አገር ከማንም በላይ ያውቃል።

ወደ ጀግኖቻችን እንመለስ። ቤታ ስጦታ አይደለም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው። ሥራው ደግሞ አሰልቺ ነው፦ የቱ ቨርዥን እንደሆነ፣ ኮምፒውተርህ ምን እንደሆነ፣ ምን ስትነካ እንደተበላሸ፣ ያንኑ ስትደግመው ይደገም እንደሆነ መጻፍ፤ ጌሙ ራሱ እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን ሎግ ፋይል ማያያዝ። የትራኩ ጌም «ጌም.ሎግ» ብሎ ዶክዩመንትስ ውስጥ ያስቀምጥልሃል፤ ፍላይትጊርም የራሱ አለው። ይኼን የሚሠራ ልጅ ሐረር ውስጥ ካለ ቤታውን በሽልማት ይጫንለት፤ ሃያ ሰው ስታብል ላይ በሰላም የሚያመሸው እሱ ስለተንገላታ ነውና። ከዚህም በላይ መሥራት ይቻላል። ፍላይትጊር ከሚጠቀምባቸው የመንገድና የሕንፃ መረጃዎች አንዱ ማንም ሰው እየገባ ከሚያርመው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚወሰድ ነው። የጁገልን ጠባብ መንገዶች፣ ከመኪና ግርግር ወደ ጊዲር መጋላ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ፕራግ ያለ ሰው ነው የሚያርመው?

ግን ያ ቤታ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ይሆናል። ሥራ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይሆንም።

አንዱ የሰፈራችን ቤታ ጫኝ፣ ሲነዘንዙት ጊዜ፣ በመጨረሻ ሪፖርት ጻፈ። ርእሱ «አይሰራም» ይላል፤ ሐተታው «ጌማችሁ አይሰራም። አስተካክሉት።» የሚል ነው። በማግስቱ ከሠሪዎቹ ወገን በትሕትና ጠየቁት፦ ወንድማችን፣ የተበላሸብህ በየትኛው ቨርዥን ነው? ሎጉን ትልክልናለህ? ልጁ ላፕቶፑን ከፈተ። ሌሊቱን ሌላ ቤታ ወጥቶ ስለነበር ጭኖታል፤ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ሎግ በአሮጌው ላይ ይጽፋልና የትናንቱ ጠፍቷል። የዛሬውን ቁጥር አንድ ነጥብ ሳያዛንፍ ያውቃል፤ የተጠየቀው ግን የትናንቱን ነው። ጓደኞቹን ጠየቀ፤ እነሱም ቀይረዋል። አሰበ፣ አሰበና መለሰላቸው፦ «አዲሱ»።