ቀብድ የበላ ሻጭ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሻጭና ቤት ገዢ የመጀመሪያ ቀን የሚተያዩት በጎሪጥ ነው። አንዱ ዋጋ ይሰቅላል፣ ሌላው ያወርዳል፣ ደላላው መሀል ገብቶ «ጋሼ፣ እርስዎም ትንሽ ዝቅ ይበሉ» ይላል። ከወራት በኋላ ገዢው የሻጩ የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ ዶሮ ሲጎርስ ቢታይ የሚደነቅ የለም። ስም እስኪዞር ሌላ ምን ይሥሩ?

«በሳምንት ያልቃል» ያለው ደላላው ነበር።

ሁሉም በቀብድ ይጀመራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ቀብድ የከፈለ ውሉን ቢያፈርስ ገንዘቡ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፍ ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ቀብድ የበላ ሻጭ፣ በማግስቱ የተሻለ ገዢ በሩን ቢያንኳኳም፣ የበላውን እጥፍ መትፋቱን አስቦ አንጀቱ እያረረ በሩን ይዘጋል።

ከዚያ ወደ ውልና ማስረጃ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ደግ አደረገ። ችግሩ ባል ገርጂ፣ ሚስት ጅዳ የሆኑ ጊዜ ነው። ውክልናው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ይላካል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። በመጨረሻም የሚመለከተው ሠራተኛ መነጽሩን አውርዶ «ማስተዳደር ይላል እንጂ መሸጥ አይልም» ይላል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንደገና ወደ ጅዳ!

ያላገባስ? አለማግባቱን በማስረጃ ያሳያል። ስድሳ ዓመት ማንም ሳይፈልገው የኖረ ሰው፣ አለመፈለጉን በማኅተም አስመትቶ ይቀርባል።

ውሉ ተፈረመ እንበል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ስለሆነ ጉዳዩ በሁለት ሰው ብቻ አያልቅም። ፋይሉ ይፈለጋል፣ ዕዳና እገዳ ይጣራል፣ ቤቱ ይገመታል። ከሽያጩ ትርፍ 15 በመቶ ግብር ሊጠየቅ ይችላል፣ ለስም ማዛወሪያው ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ያልተነጋገሩ ሰዎች እዚህ ላይ አዲስ ጭቅጭቅ ይከፍታሉ። አጥሩ ከካርታው ትንሽ አልፎ ከተገኘ መሐንዲስ ይጠበቃል። ፋይሉ ሲገኝ ሲስተም የለም፤ ሲስተሙ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የገርጂው ሻጭ በበኩሉ አያት ሰፈር ለሌላ ቤት ቀብድ ከፍሏል። የአያት ሰፈሩ ሻጭ ደግሞ ለቡ ላይ። ጅዳ የቀረችው አንዲት ወረቀት ሦስት ቤተሰብ ዕቃ እንዳሰረ ታስቀምጣለች።

ይህን መጠበቅ በትዕግሥት ብቻ የሚወጡት አይመስልም፤ ብልጦቹ በውል ይወጡታል። ቁልፍ የሚረከቡበትን ቀን ይጽፋሉ፣ ለሚያዘገይ መቀጫ ያስቀምጣሉ፣ ከክፍያውም ጠቀም ያለውን ስም እስኪዞር ያቆያሉ። እናም ቀብድ ልትከፍሉ የተነሣችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ካርታውን ከፋይሉ ጋር አስተያዩ፤ የሻጩ ባለቤት የት አገር እንዳሉም ጠይቁ።